ሰፍቼ ያልጨረስኩት ባንዲራ

ያንን ባንዲራ መስፋት ስጀምር ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ያኔ አሜሪካ ከገባሁ አስራ አንድ ዓመት አልፎኛል። የዜግነት ፈተናም ተፈትኜ አልፌያለሁ። ካጠናኋቸው ጥያቄዎች አንዱ ስለ ሰሜንና ደቡብ ጦርነት ነበር፤ ከምክንያቶቹ አንዱን ጥቀሺ ስባል «ባርነት» ብዬ መልሼ ፈታኟ ፈገግ ብላልኛለች። ባንዲራውን ግን ማንም አሳይቶኝ አያውቅም። ሶ፣ ቀይ ጨርቅ፣ በላዩ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ የሚጠላለፉ ሁለት ሰማያዊ መስመሮች፣ በመስመሮቹ ላይ አስራ ሦስት ነጭ ኮከብ የሚል ሥራ እጄ ሲገባ፣ ያሰብኩት ስለ ኮከቦቹ ብቻ ነው።

ኮከብ መስፋት ያስቸግራል። ጨርቁን ወደ ውስጥ ስታጥፉት አንዱ ጫፍ ይወፍራል፣ ሌላው ይሳሳል፤ ከሩቅ ሲያዩት የተረገጠ አበባ ይመስላል። እኔ ግን ኮከብ ይሆንልኛል። ሥራውንም ያገኘሁት በዚያ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋ ነበር። እዚህ ሎስ አንጀለስ መጥቼ መጀመሪያ ፌርፋክስ የሚባለው መንገድ ላይ ሬስቶራንት ውስጥ ሳህን አጠብኩ፣ ከዚያ ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት ስሰጥ ዓመታት አለፉ። አንድ እሁድ ከጸሎት በኋላ አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እህት «ጋርዴና ውስጥ ሰፊ የሚፈልጉ ሰውዬ አሉ» ብላ አድራሻ ሰጠችኝ።

ቦታው በመኪና ቀለም ቀቢና በዓሣ ማከፋፈያ መካከል ያለች ጠባብ ስፌት ቤት ነበረች። ባለቤቱ ሰባውን ያለፉ፣ የጃፓን ዘር ያላቸው አሜሪካዊ ናቸው። ባንዲራ፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የትምህርት ቤት ሰልፍ አርማ ይሰፋሉ። ነጭ ጨርቅና መቀስ ሰጡኝና «አንድ ኮከብ» አሉኝ። ሰፋሁ። አገላብጠው አዩት፤ አምስቱንም ጫፎች በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱና «ሰኞ ነይ» አሉ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። ከመኪና ጭስ ወጥቼ ወደ ክርና መርፌ የተመለስኩባትን ያቺን ቀን ሳስብ ዛሬም ጌታን አመሰግናለሁ።

ትዕዛዙ የመጣው ከሎስ አንጀለስ ወጣ ካለች ትንሽ ከተማ ነው። ከተማዋ በመናፈሻዋ ውስጥ አስር የባንዲራ ምሰሶ በረድፍ አቁማለች፤ አሜሪካ ከተመሠረተች ጀምሮ የተውለበለቡ የድሮ ባንዲራዎች ይሰቀሉበታል። ፀሐይ ስለጨረሳቸው አስሩም በአዲስ እንዲሰፉ ተጠየቅን። ዘጠኙ በየተራ አለቁ። አስረኛው ቀዩ ነበር። የማስረከቢያው ቀን ስለቀረበ አለቃዬን አስፈቅጄ ኮከቦቹን ቅዳሜ ቤቴ በእጄ ልሰፋ ይዤው ሄድኩ።

ቤቴ የምለው ባልድዊን ሂልስ ውስጥ የተከራየሁትን ክፍል ነው፤ ከትልቁ ቤት ጀርባ፣ ከሎሚው ዛፍ አጠገብ። አከራዬ ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። እኔ «ማም» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ቤቢ» ይሉኛል። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ ሁልጊዜ አንቱ እያልኩ ነው የማናግራቸው። ስታመም ሾርባ ያመጡልኛል። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት እሳቸው አስተምረውኝ ነው፤ አጠገቤ ተቀምጠው «መስታወት! መስታወት!» እያሉ። ድራይቭ ማድረግ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ማስተማር አይችልም፣ እሳቸው ግን ይችሉበታል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሬን ከፍቼ፣ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ሰባተኛውን ኮከብ ጨርሻለሁ። ማም በጎድጓዳ ሳህን ሎሚ ይዘው መጡ። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኛል፤ ኮከቦቹ አምረውልኛል። ጨርቁን በሁለቱ ጫፎች ይዤ ከፍ አደረግኩላቸው።

«ማም፣ ይዩልኝ እስቲ። ቆንጆ አይደለም?»

ሳህኑን ቀስ ብለው ወንበር ላይ አስቀመጡት። ፊታቸውን እንደዚያ አይቼው አላውቅም። የተቆጣ ፊት አይደለም። አንድ ነገር ከሩቅ ሲመጣ አይቶ መጠበቅ የጀመረ ሰው ፊት ነው።

«ማነው እሱን እዚህ ያስገባው?»

«እኔ ነኝ። ሥራ ነው።»

«ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ባንዲራ ነው። የድሮ የአሜሪካ።»

ዓይናቸውን ከጨርቁ ላይ አነሱ። ከዚያ «አጣጥፊው» አሉኝ። «እባክሽ ቤቢ፣ አጣጥፊው።» ወጥተው ሄዱ። ሎሚው ወንበሩ ላይ ቀረ።

ስልኬን አውጥቼ ፈለግኩ። ኮንፌደሬት የሚለውን ቃል ያኔ ነው በቅጡ ያነበብኩት። ባሪያ መያዛችንን አንተውም ብለው ከአሜሪካ የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች ሠራዊት የተዋጋበት ባንዲራ ነው። ከተሸነፉ በኋላም ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ ጥቁሮች መብታቸውን ሲጠይቁ፣ ይህን የማይፈልጉ ነጮች ይህንኑ ባንዲራ እያወጡ ሲያስፈራሯቸው ኖረዋል። ፎቶዎቹን አየሁ። ባንዲራውን ከያዙት ሰዎች ይልቅ በመንገዱ ዳር የቆሙት ሕፃናት ፊት ነው በዓይኔ የቀረው። ከዚያ ጠረጴዛዬን አየሁ። ሰባት ኮከብ፣ የኔ እጅ ሥራ፣ አንድም ጫፍ ያልተሸበሸበ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ማም ከፊት ለፊቱ ደረጃ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት በእጃቸው ደረጃውን መታ መታ አደረጉና «ተቀመጪ» አሉኝ። ነጭ ቀሚሴን ሰብስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«የተወለድኩት ሚሲሲፒ ነው» ብለው ጀመሩ። «ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴ የጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረች። አንድ ማክሰኞ የእሁድ ቀሚሷን ለበሰችና ለምርጫ ልትመዘገብ ሄደች። አልመዘገቧትም። በማግስቱ ግን መኪናዎች በበራችን ማለፍ ጀመሩ። ቀስ ብለው። በጣም ቀስ ብለው። በሁሉም መኪና ላይ ያ ባንዲራ ነበር። ማንም አልተሳደበም፣ ማንም ድንጋይ አልወረወረም። ያልፋሉ፣ ዞረው ይመለሳሉ፣ እንደገና ያልፋሉ። እናቴ መስኮቱ ጋ ቆማ እጄን ይዛ ታያቸው ነበር። በሳምንቱ ከሥራ አባረሯት። በወሩ ወደዚህ የሚመጣ ባቡር ላይ ነበርን።»

አንድ ጎረቤት ውሻውን እየጎተተ አልፎ ሰላም አላቸው፤ እጃቸውን አነሱለት።

«እዚህ ከመጣን በኋላም፣ መኪና ቀስ ብሎ በበራችን ሲያልፍ እናቴ ከተቀመጠችበት ትነሳ ነበር። ፓርክ የሚያደርግበት ቦታ የሚፈልግ ሰው ሊሆን ይችላል። ትነሳለች። እስክትሞት ድረስ።»

«ማም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አላወቅኩም።»

«አለማወቅሽን አውቃለሁ። ያ ባይሆን ትላንት ሻንጣሽን አስይዝሽ ነበር» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ሳቁ። ከዚያ ዞር ብለው ዓይኔን አዩት። «አሁን ግን አውቀሻል። ከዚህ በኋላ ያለው ያንቺ ነው።»

ሰኞ ወደ ጋርዴና ስነዳ የምናገረውን በእንግሊዝኛ እየተለማመድኩ ነበር። ፍርሃት ነበረኝ። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ ዕድሜዬም ተመልሶ ፓርኪንግ ውስጥ ለመቆም አይመችም። ገብቼ ጨርቁን አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩትና የተለማመድኩት ሁሉ ጠፍቶኝ «ይሄን መጨረስ አልችልም» ብቻ አልኩ።

«አሞሻል?»

«አላመመኝም» አልኩና የማምን ታሪክ፣ በቻልኩት እንግሊዝኛ፣ ከሎሚው ጀምሬ እስከ ባቡሩ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔ ይሄን ባንዲራ ብዙ ጊዜ ሰፍቼዋለሁ» አሉ። «ለፊልም። ፊልም ውስጥ ክፉ ሰውም ልብስ ያስፈልገዋል። ሶ፣ እጄ ለመደው። ይሄኛው ግን ለፊልም አይደለም፤ ሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ሊሰቀል ነው። ትዕዛዙን ስቀበል ልብ ብዬ አላየሁትም።»

ከዚያ፣ አምስት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ነግረውኝ የማያውቁትን ነገሩኝ። የተወለዱት በሽቦ በታጠረ ሰፈር ውስጥ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት በምዕራቡ ዳርቻ የሚኖሩትን ጃፓኖች ሁሉ፣ አሜሪካ የተወለዱትንም ሳይቀር፣ ከየቤታቸው አውጥቶ በረሃ ውስጥ ሲያጉር፣ እናታቸው እርጉዝ ነበሩ። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ ወታደርና የአሜሪካ ባንዲራ ነበር።

«ታዲያ» አልኳቸው፣ «እንዴት ዕድሜዎን ሙሉ የአሜሪካን ባንዲራ ሲሰፉ ኖሩ?»

«አባቴ ከዚያ ሲወጣ ያገኘው ሥራ ይሄ ነበር። እኔም ይሄንኑ ጠይቄዋለሁ፤ ተጣልቼውም አውቃለሁ። ግን ያ ባንዲራ የተሰፋው እኛን ለማጎር አልነበረም። ኋላ መንግሥት ይቅርታ ሲጠይቀንም በእሱ ስር ሆኖ ነው የጠየቀን። ይሄኛው ደግሞ…» ቀዩን ጨርቅ በአንድ ጣታቸው ገፋ አደረጉት። «ይሄኛው ለምን እንደተሰፋ አከራይሽ ነግረውሻል።»

ስልክ አንስተው ወደ ከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ደወሉ። ብዙ አዳመጡ። ለካ ከነዋሪዎቹ አንዳንዶቹ ያ ባንዲራ እንዲወርድ አመልክተው ነበር፤ ምክር ቤቱም ሐሙስ ምሽት የሕዝብ አስተያየት ሊሰማ ቀጠሮ ይዟል። ለእኛ የነገረን አልነበረም። ስልኩን ዘጉና «ኦኬ፣ ሐሙስ እንሄዳለን» አሉኝ። «እስከዚያ የማስታወቂያውን ጨርቅ ጨርሺ።» እንደማልባረር ያወቅሁት እንዲህ ነው።

ማም ሲሰሙ «እኔም እመጣለሁ» አሉ። ሐሙስ ማምን ይዤ ነዳሁ። መንገዱን ሙሉ «መስታወት» እንኳ አላሉኝም።

አዳራሹ ሞልቷል። አምስት የምክር ቤት አባላት ከፊት ተቀምጠዋል። መናገር የፈለገ ሁለት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ መናገሪያው ላይ ትንሽ መብራት አለች፣ ስትጀምር አረንጓዴ፣ ለመጨረስ ጥቂት ሲቀርህ ቢጫ፣ ሰዓትህ ሲያልቅ ቀይ። በቀለሞቹ ለራሴ ፈገግ አልኩ። ይወርድ የሚሉ ተናገሩ፣ ይቆይ የሚሉም ተናገሩ። አንዳንዱ ጮኸ። አንድ ሰውዬ ግን አልጮሁም። ሰማያዊ ኮት የለበሱ፣ ሽበታቸውን በሥርዓት ያበጠሩ ነጭ ሽማግሌ ናቸው።

«የአያቴ አባት በዚያ ባንዲራ ስር ተዋግቶ ሞቷል» አሉ። «ባሪያ አልነበረውም፤ ጫማም አልነበረውም። እኔ ማንንም አልጠላም። ይሄ ታሪክ ነው። ያለፈ ነገር ነው። ጨርቅ ማንን ይጎዳል?»

ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ያንን ዓረፍተ ነገር አውቀዋለሁ። ቃል በቃል። እኔ ነኝ የተናገርኩት፣ በአማርኛ።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ሊትል ኢትዮጵያ በሚባለው የፌርፋክስ ሰፈር ውስጥ ለአዲስ ዓመት በዓል መንገዱ ተዘግቶ ሰው ሲሰበሰብ፣ እኔ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ባንዲራችንን በትልቁ ሰፍቼ ለጓደኛዬ ስጦታ ወሰድኩላት። ጓደኛዬ ፌርፋክስ ላይ የቅመማ ቅመምና የእንጀራ ሱቅ አላት። አሜሪካ የገባሁ ቀን ከኤርፖርት የተቀበለችኝ እሷ ናት፤ አንድ ክፍል ተጋርተን ኖረናል። «በርሽ ላይ ስቀይው» አልኳት። አየችውና «ስፌትሽ ያምራል፣ ግን ሱቄ ላይ አልሰቅለውም» አለችኝ። ደነገጥኩ፣ ተናደድኩ። «የአገርሽ ባንዲራ አይደለም እንዴ?» አልኳት። «አባቴ በዚያ ባንዲራ ስር…» ብላ ጀመረች። አላስጨረስኳትም። «ተይ እባክሽ፣ ያለፈ ነገር ነው። ታሪክ ነው። ጨርቅ ማንን ይጎዳል?» አልኳት። ባንዲራዬን አጣጥፌ ወጣሁ። ከዚያ ቀን በኋላ አልተነጋገርንም። እንጀራ እንኳ ከሌላ ሱቅ ነበር የምገዛው።

እነዚህ ሁለት ባንዲራዎች አንድ ናቸው አልልም። አይደሉም። ባንዲራዬን እወደዋለሁ፤ ያኔም ዛሬም። ነገር ግን ሽማግሌው ሲናገሩ ማም አጠገቤ ተቀምጠው እጃቸውን ጭናቸው ላይ እንዴት አጥብቀው እንደጨበጡ አየሁ። የጓደኛዬም እጅ ያን ቀን እንደዚያ ተጨብጦ እንደሆነ አላውቅም። አላየሁማ። ወደ እጇ አላየሁም ነበር።

ተራቸው ሲደርስ ማም ተነሱ። እዚያ ቦታ ላይ ሲቆሙ ቁመታቸው የጨመረ መሰለኝ። ስለ እናታቸውና ስለ መኪናዎቹ በአጭሩ ተናገሩ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሩ።

«ጌታዬ፣ ታሪክ ይጥፋ የሚል ሰው እዚህ የለም። ታሪኩን ጻፉት። ልጆች ሁሉ ያንብቡት። የአያትዎ አባትም ጫማ አልነበረውም ብላችሁ ጻፉ። ነገር ግን በምሰሶ ላይ ከፍ አድርገን የምንሰቅለው የምናከብረውን ነው። ልጅ በመናፈሻው ሲያልፍ ቀና ብሎ ያየዋል። ማንን ቀና ብሎ እንዲያይ ነው የምትፈልጉት?»

ቢጫው ሳይበራ ጨርሰው ተቀመጡ። ያን ጊዜ ከምክር ቤቱ አንዷ «አዲሶቹ ባንዲራዎች ተሰፍተዋል?» ብላ ጠየቀች። አለቃዬ ቆመው «ዘጠኙ አልቀዋል። ስለ አስረኛው ሰፊዬ ትናገር» አሉና እኔን አመለከቱ። ሊያናግሩኝ እንዳሰቡ አልነገሩኝም ነበር። ተነስቼ ወደ መናገሪያው ሄድኩ። አረንጓዴው በራ።

«እኔ ሰፊ ነኝ» አልኩ። «ሰባት ኮከብ ሰፍቻለሁ። ጥሩ ኮከብ ናቸው። ምን እንደሆነ አላወቅኩም ነበር። አሁን አውቃለሁ። ስድስት ይቀራል፤ ባልሰፋው ደስ ይለኛል። አመሰግናለሁ።» ያ ብቻ ነው። ሰው አጨበጨበ። ሰዋስዉ ልክ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ድምፅ ተሰጠ። ሦስት ለሁለት። ባንዲራው ከምሰሶው ይወርዳል፤ በአዳራሹ ውስጥ ስለ ጦርነቱና ስለ ባርነት የሚተርክ ጽሑፍ ከፎቶዎች ጋር ይቀመጣል። በሩ ላይ ስንወጣ ሽማግሌው ወደ ማም መጡ።

«በሐሳብዎ አልስማማም» አሏቸው። «ግን ስላዳመጡኝ አመሰግናለሁ።»

ማም ትንሽ አሰቡና «ስንት ዓመቱ ነበር? የአያትዎ አባት» አሉ።

«አስራ ዘጠኝ።»

«ገና ልጅ ነበር» አሉ ማም። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ መኪናቸው ሄዱ። አልተቃቀፉም፤ እንደዚያ ያለ ነገር አልሆነም። ግን መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሳያስነሱ ብዙ ቆይተው ነበር።

በማግስቱ ሰባቱን ኮከቦች አንድ በአንድ ፈታኋቸው። መፍታት ከመስፋት ይበልጥ ጊዜ ይወስዳል። አለቃዬ አጠገቤ መጥተው ቆሙና «ያሳዝናል፣ ጥሩ ሥራ ነበር» አሉኝ፤ ሁለታችንም ሳቅን። ከተማዋ ዘጠኙን ተቀበለች። አስረኛው ምሰሶ ላይ ምን እንደሚሰቀል ግን ምክር ቤቱ እስካሁን አልተስማማም፤ ባዶውን ቆሟል።

ቅዳሜ ደግሞ ወደ ፌርፋክስ ነዳሁ። ፓርኪንግ ፍለጋ ሦስት ጊዜ ዞርኩ፤ እውነቱን ለመናገር በሁለተኛው ዙር ቦታ አግኝቼ አልፌዋለሁ። ጓደኛዬ በርበሬ በላስቲክ እየሞላች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ሥራዋን ቀጠለች።

«ምን ፈለግሽ?»

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ያን ቀን አላስጨረስኩሽም።»

«የቱን ቀን?» አለችኝ። የቱን ቀን እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ማምን፣ ሽማግሌውን፣ መናገሪያውን። እጆቿ ቀስ በቀስ ቆሙ። ስጨርስ የጠበቅሁት እንባ ነበር። እሷ ግን ተናደደች።

«ሶ፣ አሁን ነው የገባሽ? የሌላ አገር ሴት እስክትነግርሽ ነበር የምትጠብቂው? እኔ አንድ ትራስ ተጋርቼሽ ስኖር አልሰማሽኝም!»

«እውነትሽን ነው» አልኩ። «ካልከበደሽ አሁን ንገሪኝ። የአባትሽን።»

ከባንኮኒው ጀርባ በርጩማ ጎትታ ሰጠችኝ። አባቷ ገበሬ ነበሩ። መሬታቸው ተወስዶባቸው አቤት ሊሉ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄዱ። አማርኛ አይችሉም፤ በቋንቋቸው ተናገሩ። ሳቁባቸው። ከዚያ ሥርዓት ይማር ተብለው ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ፣ ባንዲራው ስር፣ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ተደረጉ። እሷ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ውሃ በቅል ይዛ አጥሩ ሥር ተቀምጣ አየቻቸው፣ እንድትሰጣቸው ግን አልፈቀዱላትም።

«ባንዲራውን ሳይ ቀለሙን አይደለም የማየው» አለችኝ። «ያንን ውሃ ነው።»

አልቅሰን ስንጨርስ «እኔ ባንዲራዬን እወደዋለሁ፤ ልዋሽሽ አልፈልግም» አልኳት።

«ውደጂው። ማን ከለከለሽ? እኔን ግን ዝም በይ አትበይኝ።»

«ሁለተኛ አልልሽም።»

በዚህ ተስማማን። ደንበኛ ገባ፤ ተነስታ አስተናገደችው። እኔም ሳልጠየቅ በርበሬውን መሙላት ጀመርኩ፤ አበዛሽ፣ አሳነስሽ እያለች ስትቆጣኝ የድሮው ቤታችን ውስጥ ያለሁ መሰለኝ።

ማም ያን ጊዜ ሊያባርሩኝ ይችሉ ነበር። ቤቱ የሳቸው ነው፣ ቁስሉም የሳቸው። እሳቸው ግን ደረጃው ላይ አስቀምጠው ነገሩኝ። አለቃዬ ትዕዛዝ ትዕዛዝ ነው ብለው ሊያሰናብቱኝ ይችሉ ነበር፤ ስልክ አነሱልኝ። ጓደኛዬ በሯን ልትዘጋብኝ መብቷ ነበር፤ በርጩማ ሰጠችኝ። ስጸልይ ሦስቱንም በየስማቸው እጠራቸዋለሁ። ሰው ያመመውን ነገር ሲነግርህ ትልቅ ነገር ሰጥቶህ ነው፤ እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፣ ቢሆንም አውቄዋለሁ።

ባለፈው ወር ማምን ፌርፋክስ ምሳ ጋበዝኳቸው። ጓደኛዬም ሱቋን ለአንድ ሰዓት ዘግታ መጣች። እኔ ትልቅ ነገር ይነጋገራሉ ብዬ፣ አስተርጓሚ ልሆን ተዘጋጅቼ ተቀምጫለሁ። እነሱ ግን ሽሮው እስኪያልቅ ያወሩት ስለ ጉልበታቸው ሕመም ነው። ማም ሠላሳ ዓመት ፍሬን በመርገጥ የመጣ ነው አሉ፤ ጓደኛዬ ቆማ በመዋል ነው አለች። የትኛው ቅባት እንደሚሻል ተከራከሩ። በመጨረሻ ማም ስልካቸውን አውጥተው የሐኪማቸውን ስምና ቁጥር ሰጧት፣ እሷም ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ ስሙን በአማርኛ ጻፈችው።